ፍርሃት ያስተማረውን ልማድ ይጠብቀው

ደረቱን ወይም እጁን የሚያስመረምር ሰው አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ ከሐኪም ፊት ሊቀመጥ ይችላል። በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን አፉን ካልከፈተ ሕክምናው አይጀመርም። ሐኪሙም ፊቱን ወደ ሕመምተኛው አፍ አቅርቦ፣ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየተቀበለ ብዙ ደቂቃ ይቆያል። ስለዚህ በትንፋሽና በምራቅ የሚተላለፍ በሽታ በሰው ልጅ ላይ በተነሣ ጊዜ፣ የጥርስ ሕክምና ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራ ቦታ መሆኑ አያስደንቅም። በዛሬው ጽሑፋችን በኮሮና ዘመን በዚህ ሙያ ላይ የደረሰውን ፈተናና ከዚያ የተገኘውን ትምህርት እናወሳለን። ዓመቶቹን፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሰጥተናል።

አማርኛን በመማር ላይ ለሚገኙ አንባቢዎቻችን አስቀድመን አንድ ቃል እናስረዳ። «ወረርሽኝ» የሚለው ቃል «ወረረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ጠላት ድንበር ጥሶ አገርን እንደሚወር፣ በሽታም ከቤት ወደ ቤት፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዛመተ ሕዝብን ሲወር ወረርሽኝ ይባላል። በትግርኛ ይኸንኑ «ለበዳ» እንለዋለን። የአማርኛው ቃል ጦርነትን ስለሚያስታውስ፣ ወረርሽኝ የሚመከተው በጀግንነት ወይም በዕድል የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ወረርሽኝን የሚመክተው ሥርዓት ነው፤ ሥርዓትም ማለት ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይቆጣጠር፣ በየቀኑ የሚፈጸም ትንሽ ሥራ ማለት ነው።

በጥርስ ሕክምና ቤት ውስጥ በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርባቸው መንገዶች በአጭሩ ሦስት ናቸው። አንደኛው መሣሪያ ነው፤ ሁለተኛው እጅ ነው፤ ሦስተኛው አየር ነው። የሰው ልጅ እነዚህን ሦስት መንገዶች በአንድ ቀን አልዘጋቸውም። እያንዳንዱን የዘጋው ብዙ ጉዳት ከደረሰና ብዙ ፍርሃት ከነገሠ በኋላ ነው።

ከመሣሪያው እንጀምር። ከአንዱ ሰው አፍ የወጣ መንቀያ ሳይጸዳ ወደ ሌላው ሰው አፍ ቢገባ ምን እንደሚከተል ዛሬ ሕፃን ልጅ እንኳ ይገነዘባል። ይሁን እንጂ «ማጽዳት» ምን ማለት እንደሆነ በትክክል ለይቶ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ማጠብ አንድ ነገር ነው፤ መቀቀል ሌላ ነገር ነው፤ ማምከን ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። «መከነ» ማለት ዘር አጣ፣ ፍሬ አልሰጠም ማለት ነው፤ ልጅ ያልወለደች ሴት መካን የምትባለው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ መሣሪያን ማምከን ማለት በላዩ ያለው ተዋሲያን ዳግመኛ እንዳይራባ ከሥሩ ማጥፋት ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለውን አውቶክሌቭ የተባለውን የእንፋሎት መሣሪያ፣ የሉዊ ፓስተር የሥራ ጓደኛ የነበረው ፈረንሳዊው ሻርል ሻምበርላንድ በ1879 ሠራው። መሣሪያው እንፋሎትን በግፊት አምቆ ሙቀቱን ከፈላ ውሃ በላይ ከፍ ያደርገዋል። በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 15 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ 3 ደቂቃ ያህል የቆየ መሣሪያ፣ አስቀድሞ በሚገባ ታጥቦ ከሆነ፣ እንደመከነ ይቆጠራል። በደጋ አገር የምንኖር ሰዎች ይህን ነገር በተለይ ልናስተውለው ይገባናል። እንደ አሥመራና እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባሉ ከተሞች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ «መሣሪያው በፈላ ውሃ ተቀቅሏል» የሚለው መልስ በቆላው አገር እንኳ የማይበቃ ሲሆን፣ በደጋው ደግሞ ይብሱን የማይበቃ ነው።

ሁለተኛው መንገድ እጅ ነው። ዛሬ ጓንት ሳያጠልቅ እጁን ወደ አፋችን የሚሰድ የጥርስ ሐኪም ብናይ ደንግጠን ከወንበሩ እንነሣለን። ሆኖም ብዙ ዘመን አላለፈም፤ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካና በአውሮፓ እንኳ ሳይቀር አብዛኞቹ የጥርስ ሐኪሞች ባዶ እጃቸውን ታጥበው ይሠሩ ነበር። በምራቅና በደም በራሰ ጣት መሥራት የሙያው ልማድ ነበረ። ከዚህም የተነሣ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ የጥርስ ሐኪሞችን ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ ያጠቃ ነበር። ለዚህ በሽታ በአሜሪካ በ1981 ክትባት ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመትም በኋላ ኤድስ ተብሎ የተጠራው በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዘገበ።

ኤድስ ያመጣው ፍርሃት ልማዱን ለወጠው። በ1987 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል አንድ ታላቅ ደንብ አወጣ፤ ይኸውም ሐኪም ሕመምተኛውን በመልኩ፣ በልብሱ ወይም በማዕረጉ ሳይለይ፣ የማናቸውንም ሰው ደም ተላላፊ በሽታ እንዳለበት ቆጥሮ ይጠንቀቅ የሚል ነው። በ1990 ደግሞ በፍሎሪዳ አንድ የጥርስ ሐኪም ለታካሚው ኤች አይ ቪን ሳያስተላልፍ እንዳልቀረ ይኸው ማዕከል አስታወቀ፤ በኋላም ከዚያ ሐኪም ጋር የተያያዙት ታካሚዎች ቁጥር 6 ደረሰ። ዜናው ሕዝቡን እጅግ አስደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ጓንት የጥርስ ሐኪም ሁለተኛ ቆዳ ሆነ። ዛሬ ጓንቱን የሚያጠልቀው ሐኪም ኤድስን እያሰበ አይደለም፤ ልማድ ስለሆነበት ነው። ፍርሃቱ ሲበርድ ልማዱ ቀረ። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ይበል፤ የጽሑፋችን ፍሬ ነገር ያለው በዚህ ላይ ነውና።

ሦስተኛው መንገድ አየር ነው፤ ይህኛው ከሁሉ ይልቅ ዘግይቶ ትኩረት ያገኘ ነው። በ1957 በአሜሪካ በአየር ግፊት የሚዞር የጥርስ መሰርሰሪያ ለገበያ ቀረበ። መሣሪያው በደቂቃ ከ300,000 ጊዜ በላይ ስለሚሽከረከር ሥራውን አፋጠነ፤ ሕመሙንም ቀነሰ። ነገር ግን ጥርሱ እንዳይግል ውሃ እየተረጨበት መሥራት ግድ ሆነ። ውሃውም ከምራቅ፣ ከደምና ከጥርስ ዱቄት ጋር እየተቀላቀለ እንደ ጭጋግ ይበተናል። ትልልቁ ጠብታ በሐኪሙ ፊትና ልብስ ላይ ይወድቃል፤ ረቂቁ ብናኝ ግን በክፍሉ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። ሐኪሞች ይህን ለብዙ ዓመታት ያውቁት ነበር፤ ይሁን እንጂ የሚያስጨንቅ ነገር ስላልደረሰባቸው ብዙዎቹ እንደ ቀላል ነገር አለፉት።

የሚያስጨንቀው ነገር በ2019 መጨረሻ በቻይና በዉሃን ከተማ ተነሣ። በከተማው ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ትልቁ የአፍና የጥርስ ሆስፒታል 9 ሠራተኞቹ በኮሮና መያዛቸውን ዘገበ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ የዘወትሩን ሥራ ዘግቶ ለአስቸኳይ ሕመም ብቻ ክፍት ሆነ፤ 169 ሠራተኞችም በጥብቅ ሥርዓት እየተጠነቀቁ ከ700 በላይ ሕመምተኞችን አከሙ። ወረርሽኙ በዓለም ተዛምቶ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያም በገባበት ሰሞን፣ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር አባሎቹ ከአስቸኳይ ሕክምና በቀር ሌላውን ሁሉ እንዲያቆዩ መከረ። በእንግሊዝ አገር ከማርች 25 ቀን 2020 ጀምሮ የዘወትሩ የጥርስ ሕክምና ቆመ፤ በሮቹ እንደገና መከፈት የጀመሩት በጁን 8 ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በኦገስት 2020 ባወጣው መምሪያ፣ በሽታው በሕዝብ መካከል በተሠራጨበት አገር አስቸኳይ ያልሆነ የጥርስ ሕክምና እንዲዘገይ መከረ።

በሩን መዝጋት በዚያን ጊዜ ጥበብ ነበር። ሆኖም የተዘጋ በር ሁለት ፊት አለው፤ አንዱን በሽታ ሲያስቀር ሌላውን በውስጥ ያስቀምጣል። የጥርስ ሕመም ቀጠሮ አይሰጥም። መግል የቋጠረ ጥርስ ሳይታከም ሲቀር እብጠቱ ከመንጋጋ ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ይወርዳል፤ ምላስን ወደ ላይ ገፍቶም የመተንፈሻውን መንገድ ይዘጋል። ይህን ሕመም ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሬድሪክ ፎን ሉድቪግ በ1836 ስለገለጠው በስሙ ይጠራል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት በዚህ ሕመም ከተያዙት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ይሞቱ ነበር። በእንግሊዝ በሮቹ በተዘጉ ጊዜ ለሕመምተኞች አስቀድሞ የሚሰጠው እርዳታ በስልክ የሚተላለፍ ምክር፣ የሕመም ማስታገሻና ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነበር። መድኃኒቱ ጊዜ ይገዛል፤ ነገር ግን የበሰበሰውን ጥርስ አይነቅልም፤ የተቋጠረውንም መግል አያፈስስም።

በዚያው ዘመን በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ የነበሩ አንድ ሰው ጥርሳቸው ታመመ። ሕክምና ቤቱ ለአስቸኳይ ሕመም ክፍት መሆኑን ቢሰሙም፣ «ጥርሴን ሳስነቅል ሳንባዬን ላስነጥቅ ነውን?» እያሉ አልሄድም አሉ። ቤተ ሰቦቻቸው ቅርንፉድ አስነከሷቸው፤ ነጭ ሽንኩርት አሰሩላቸው፤ ከመድኃኒት ቤትም ማስታገሻ አመጡላቸው። በአምስተኛው ቀን መንጋጋቸው አብጦ ምራቃቸውን መዋጥ ተሳናቸው። በዚያን ጊዜ ልጆቻቸው በግድ ወሰዷቸው፤ ሐኪሙም ጥርሱን ነቅሎ መግሉን አፈሰሰላቸው፤ እኚህ ሰው ዳኑ። ሐኪሙ እንደነገራቸው ከሆነ ግን አንድ ሌሊት ቢጨምሩ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ኮሮናን የፈሩት በአግባቡ ነው፤ ሕክምናን የሸሹት ግን ያለ አግባብ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማየት በወረርሽኝ ዘመን ከሁሉ የሚከብድ ጥበብ ነው።

ታዲያ በሩን ዘግቶ መኖር ካልተቻለ እንዴት ተከፈተ? መልሱ አንድ ተአምረኛ መድኃኒት አይደለም። ሐኪሞቹ በአንድ ግንብ ፈንታ ብዙ አጥር ሠሩ፤ አንዱ አጥር ቢጣስ ሌላው እንዲመክት ነው።

የመጀመሪያው አጥር በስልክና በበሩ ላይ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የታመመ የቅርብ ሰው ያለው ታካሚ ሕመሙ አስቸኳይ ካልሆነ በሌላ ቀን እንዲመጣ ይደረጋል። ሁለተኛው ከሕክምናው በፊት አፍን በሚያጸዳ ፈሳሽ መጉመጥመጥ ነው፤ ይህ ብቻውን በሽታን እንደሚያስቀር ስላልተረጋገጠ እንደ ረዳት እንጂ እንደ ዋስትና አይታይም። ሦስተኛው የሚታከመውን ጥርስ ብቻ አሾልኮ የቀረውን አፍ የሚሸፍን ስስ የጎማ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን አዲስ ነገር አይደለም፤ ሳንፎርድ ባርነም የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1864 ያወጣው ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በመሳቢያ ውስጥ የተረሳበት ቤት ስንት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። አራተኛው ረዳቱ ወደ ጥርሱ አጠገብ አስጠግቶ የሚይዘው ኃይለኛ መሳቢያ ቱቦ ነው፤ ጭጋጉ ወደ ክፍሉ ሳይወጣ ከምንጩ ላይ አብዛኛውን ስቦ ያስቀረዋል።

አምስተኛው አጥር በሐኪሙና በረዳቱ ፊት ላይ ያለው ነው። ተራው የአፍ መሸፈኛ ትልልቁን ጠብታ ሲከላከል፣ በጉንጭ ላይ ተጣብቆ የሚቀመጠው ኤን 95 የተባለው መሸፈኛ ግን ረቂቁን ብናኝ ቢያንስ ከመቶ 95 እጁን ያጣራል። በዚህ ላይ መነጽር ወይም የፊት መከለያ ይጨመራል። ስድስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የክፍሉ አየር ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜ አየሩ በሚለወጥበት ክፍል፣ ከብናኙ ከመቶ 99 እጁ ተጠራርጎ እስኪወጣ 46 ደቂቃ ይወስዳል፤ አየሩ 12 ጊዜ በሚለወጥበት ክፍል ግን 23 ደቂቃ ይበቃል። በእንግሊዝ አገር ሥራው እንደገና በተጀመረ ጊዜ፣ ብናኝ ከሚያስነሣ ሕክምና በኋላ ክፍሉ እስከ 60 ደቂቃ ባዶውን እንዲቆይ ታዞ ነበር፤ በኋላ ግን ጊዜው በአየሩ መለዋወጥ መጠን እየተለካ እንዲያጥር ተደረገ። መስኮት መክፈት ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ሕክምና ነው ያልን እንደሆነ አልተሳሳትንም።

የእነዚህ አጥሮች ፍሬ ምን ሆነ? በወረርሽኙ መጀመሪያ ላይ የጥርስ ሐኪሞች ከሠራተኛ ሁሉ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው ተብሎ ተጽፎ ነበር። በጁን 2020 በአሜሪካ 2,195 የጥርስ ሐኪሞች ተጠይቀው በበሽታው የተያዙ ወይም ሳይያዙ ያልቀሩ ሆነው የተገኙት ከመቶ 0.9 ብቻ ነበሩ። በ2021 ደግሞ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ28 ሕመምተኞች ሕክምና ላይ የተነሣውን ብናኝ መርምረው፣ አብዛኛው ተዋሲያን የመጣው ከሕመምተኛው ምራቅ ሳይሆን ከመሣሪያው ውሃ መሆኑን አገኙ። እንግዲህ ጥንቃቄ ያለበት ሕክምና ቤት ሰዎች የፈሩትን ያህል አስፈሪ ቦታ እንዳልነበረ ተረጋገጠ።

ነገር ግን ይህን መልካም ዜና ሁለት ዓይነት ሰዎች በሁለት ዓይነት ይሰሙታል። አስተዋዩ ሰው «ጥንቃቄው ስለተደረገ አደጋው ቀነሰ» ይላል። ቸልተኛው ሰው ደግሞ «አደጋው ትንሽ ስለነበረ ጥንቃቄው ከንቱ ነው» ይላል። ቤቱ ስላልፈሰሰበት ጣራውን የሚያፈርስ ሰው ይህን ሁለተኛውን ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሜይ 5 ቀን 2023 አነሣ። አዋጁ ከተነሣ ወዲህ በብዙ ቦታ መስኮቱ ተመልሶ ተዘግቷል፤ የጎማው ሽፋን ወደ መሳቢያው ተመልሷል፤ በበሩ ላይ የነበረው ጥያቄም ቀርቷል። የሳንባ ነቀርሳ ግን አዋጅ አይጠብቅም፤ ኩፍኝና ኢንፍሉዌንዛም እንዲሁ በአየር ይተላለፋሉ። ለኮሮና ተብሎ የተከፈተው መስኮት ለእነዚህም ሁሉ መውጫቸው ነው።

ሕዝባችን ፍርሃትን ወደ ልማድ መለወጥ የማይችል ሕዝብ አይደለም። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም.፣ ማለት በ1918፣ በዓለም ሁሉ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ ኢትዮጵያ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው እስከ ሞት ደርሰው ነበር። የዘመኑ ሰዎች «የኅዳር በሽታ» አሉት። ዛሬ ያን በሽታ በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ሆኖም በኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ጓሮው ተጠርጎ ጥራጊው የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው ይባላል። ጭሱ በሽታን ማስወገዱ ቢቀር፣ ጠረጋው የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ይኸውም አያቶቻችን ከመከራው በኋላ ትዝታቸውን ወደ ቀን፣ ቀኑንም ወደ ሥራ መለወጣቸው ነው። እኛስ ከኮሮና በኋላ ለልጆቻችን የምናወርሰው የትኛውን ልማድ ነው?

እንግዲህ ለቤተ ሰብ የሚጠቅሙ ጥቂት ምክሮችን እንጨምር። ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄድ ሰው ትኩሳት ወይም ሳል ካለው አስቀድሞ ይናገር፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትምና። ታማሚን ብቻውን መስደድ በአገራችን ነውር ቢሆንም፣ በወረርሽኝ ጊዜ አንድ አስታማሚ ይበቃል፤ የቀሩት ዘመዶች በስልክ ቢጠይቁ ፍቅራቸው አይጎድልም። ፊቱ ያበጠ፣ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ያቃተው፣ ወይም ደሙ አልቆም ያለው ሰው ግን ወረርሽኝ አለ ብሎ አንድ ቀንም አይዘግይ።

ታካሚ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ጥያቄውም በትሕትና ሲቀርብ ማንንም አያስቀይምም። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የመሣሪያው ከረጢት በፊቴ ቢከፈትልኝ ደስ ይለኛል» ማለት ይቻላል። በሥርዓት የሚሠራ ሐኪም ይህን ሲሰማ ይደሰታል እንጂ አይቆጣም። እናቶችና አባቶችም ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ በቤት እንደሚጀመር ይወቁ። ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ጥርሱን የሚቦርሽ፣ ጣፋጭም የማያበዛ ልጅ ወረርሽኝ ቢመጣ እንኳ ወደ ተዘጋ በር የመሄድ ችግር እምብዛም አይገጥመውም።

በኃላፊነት ለምንቀመጥ የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ አንድ ነገር እናስብ። ስለ ሕክምና ቤት ስንናገር ሐኪሙን እናነሣለን፤ ደም የነካውን መሣሪያ በእጇ አጥባ ወደ ማምከኛው የምታስገባውን፣ ወለሉንና ወንበሩንም የምትወለውለውን ሠራተኛ ግን አናነሣም። ሐኪሙ ከወንበሩ ከተነሣ በኋላ በክፍሉ አየር ውስጥ የምትቀረው እርሷ ናት። በጀት ሲደለደል ለሐኪሙ የተገዛው መሸፈኛና ወፍራም ጓንት ለእርሷም መገዛቱን፣ የጉበት ክትባቱም ለእርሷ መሰጠቱን የሚያረጋግጥ ፊርማ የእኛ ፊርማ ነው። ስድስቱን አጥሮች ሐኪሞች ሊያቅዱ ይችላሉ፤ በየቀኑ የምታቆማቸው ግን ብዙ ጊዜ እርሷ ናት። እርሷ ከታመመች ደግሞ ሕመሟን ደብቃ እንዳትመጣ ደመወዟ ሳይቆረጥ የምታርፍበት ሥርዓት ሊኖር ይገባል፤ በረሀብ የሚያስፈራራ ደንብ በሽታን ወደ ሥራ ቦታ ጠርቶ ያስገባልና።

«ከመታመም አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ምክር በየትምህርት ቤቱ ተደጋግሞ የተነገረን ነው። ምክሩን ማወቁ አልጠፋንም፤ የጎደለን ሰላም በሆነበት ቀን መፈጸሙ ነው። ጓንትን ያመጣው ፍርሃት ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ጓንቱ ግን አለ። መስኮቱንም ያስከፈተው ፍርሃት አልፏል። መስኮቱ ክፍት ሆኖ እንዲቀር ማድረግ የእኛ ሥራ ነው።